አንድም ስህተት ያልሠራ ተሳታፊ ሲያጋጥም የስህተቱን ዓምድ ምን እናድርገው?

አዌቱ ማዶ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ሥራዬ የኤፍኤምአርአይ (በሥራ ላይ ያለን አንጎል በማግኔት ስካነር የማንሳት ዘዴ) ትንተና ነው። እኔ ራሴ ስካነር ውስጥ ያስተኛሁት ሰው የለም። የምሠራው ኦፕንኒውሮ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ በተቀመጠው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፍላንከር መረጃ ነው። ለማውረድ አራት ሌሊት ፈጅቶብኛል፤ በክረምት ጅማ ውስጥ መብራትና ኢንተርኔት የሚገናኙበትን ሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፍላንከርን ለማታውቁት፦ ስክሪኑ ላይ ቀስቶች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ተሳታፊው የመካከለኛው ቀስት ወዴት እንደሚያመለክት ቁልፍ ተጭኖ ይመልሳል። ግራና ቀኝ ያሉት ቀስቶች ከመካከለኛው ጋር ሲስማሙ «ስሙም»፣ ሲቃረኑ «ተጻራሪ» እላቸዋለሁ። 26 ሰዎች አሉ። እያንዳንዱ ሁለት ዙር ሠርቷል፤ በአንድ ዙር 12 ስሙምና 12 ተጻራሪ ሙከራ አለ፤ ከአንዱ ሙከራ እስከ ቀጣዩ በአማካይ 12 ሰከንድ ነው። ስካነሩ በየ2 ሰከንዱ አንድ ሙሉ የአንጎል ምስል እያነሳ በዙር 146 ምስል ሰብስቧል።

ያስቸገሩኝ ተሳታፊዎቹ የተሳሳቱባቸው ሙከራዎች ናቸው። ብዙ አይደሉም። አብዛኞቹ የመጡት ከተጻራሪዎቹ ነው፤ አንድም ስህተት የሌለበት ዙርም አለ። አማካሪዬ «አውጥተሽ ጣያቸው፤ ትክክለኛ መልሶቹ ይበቁሻል» አሉኝ። አብሮኝ የሚማር ልጅ «ጥቂት ስለሆኑ እዚያው ከተጻራሪዎቹ ጋር ተያቸው» ይላል። እኔ ሁለቱንም ሳላደርግ ለስህተቶቹ የራሳቸውን ዓምድ ሰጠኋቸው፤ ዓምድ የምለው በትንተናው ሰንጠረዥ (በሞዴሉ) ውስጥ ከአንድ ዓይነት ሙከራ የሚጠበቀውን የአንጎል ምላሽ በጊዜ የሚይዘውን ነው። ስህተት በሌለባቸው ዙሮች ግን ዓምዱ የለም። ፕሮግራሙ ምንም ሳያጉረመርም እስከ መጨረሻው ሄደልኝ።

ውጤቱን ስከፍተው «ተጻራሪ ሲቀነስ ስሙም» የሚለው የቡድን ካርታ መሃል ላይ የጠበቅሁትን ቦታ አብርቷል። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀረብ ብዬ ሳየው የአንጎሉን ዙሪያ እንደ ድፎ ዳቦ ጠርዝ የሚከብ ቀለበት አለ። አንድ ቦታ በካርታው ላይ እንዲበራ የሚያስፈልገውን ገደብ ባጠብቀውም አልጠፋም።

እንግዲህ ስህተቶቹን ምን ላድርጋቸው? ይህ ቀለበትስ ከየት መጣብኝ?

---

ባዶ ጆንያ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ ስለ ቀለበቱ የምለው የለኝም፤ ኮዱን የሚያውቁ ይምጡልሽ። ስለ ስህተቶቹ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አባቴ አጋሮ ላይ ቡና ይረከብ ነበር። ሚዛን ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ባዶው ጆንያ ነው፤ ክብደቱ ይመዘገብና ከእያንዳንዱ ገበሬ ቡና ላይ ይቀነሳል። አንድ ዓመት «ባዶ» የተባለው ጆንያ ጥግ ውስጥ ተለቅሞ የተጣለ ብላሽ ቡና ቀርቶ ኖሯል። ያን ቀን የሁሉም ሰው ቡና ከልኩ በታች ተመዘነ። የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ ሚዛኑም አልተበላሸም።

አማካሪሽ «ጣያቸው» ሲሉ የሚሆነው ይኸው ነው። መረጃሽ የመልስ ፍጥነት ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ረድፉን ሰርዘሽ ትገላገይ ነበር። የአንጎል ምስል ግን ሳይቋረጥ የሚሄድ የጊዜ መስመር ነው። ሰውየው በተሳሳተባት ቅጽበት አንጎሉ ሠርቷል፣ ደሙ ፈስሷል፣ ስካነሩም መዝግቦታል። ከፋይሉ ላይ ስሙን ስለሰረዝሽው ደሙ ከምስሉ አይወጣም። በሞዴሉ ውስጥ ስም ያልተሰጠው ነገር ሁሉ ሳይጠየቅ «ዕረፍት» ተብሎ ይቆጠራል። ዕረፍቱ ደግሞ ባዶ ጆንያሽ ነው።

በዚያ ላይ የምንለካው የነርቩን ብልጭታ ሳይሆን እርሱን ተከትሎ የሚመጣውን የደም ኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳዩት ማለት ነው። ይህ ለውጥ ዘገምተኛ ነው። ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከቅጽበቱ 5 ወይም 6 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው፤ ከዚያ ይወርዳል፣ ከመነሻው በታችም ጥቂት ይሰምጣል፣ ወደ ቦታው እስኪመለስ 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ያንቺ ሙከራዎች ደግሞ በ12 ሰከንድ ርቀት ይከታተላሉ። የአንዱ ስህተት ጅራት የሚያርፈው በቀጣዩ ሙከራ ላይ ነው።

ስለዚህ የራሳቸውን ዓምድ መስጠትሽ ልክ ነው። ዓምዱን የግድ መተርጎም የለብሽም፤ ሥራው ብላሹን ቡና በራሱ ጆንያ መያዝ ነው።

---

ተጠራጣሪው ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ምሳሌው ያምራል፤ ግን የሚመዝነው ግማሹን ነው። ባዶው ጆንያ ለሁሉም ገበሬ እኩል ከከበደ በሁለት ገበሬዎች ቡና መካከል ያለው ልዩነት አይነካም። እርሷ የምትፈልገው «ተጻራሪ ሲቀነስ ስሙም» ነው፤ ይህ ልዩነት ነው። መነሻው በጥቂት ከፍ ቢል ከሁለቱም ላይ ይቀነስና ይጣፋል። ስለዚህ የአማካሪዋ ምክር እንደተባለው ዓለም የሚያፈርስ አይደለም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ስም ያልተሰጠው ምላሽ በከፊል ቀሪ ረብሻ ሆኖ ስሌቱን ያደክማል፣ በከፊል ደግሞ አጠገቡ ላለው ሙከራ ይጨመራል፤ ከስህተት በኋላ የሚመጣው ሙከራ ስሙም ይሁን ተጻራሪ እኩል የሚዳረስ አይደለም፤ በተለይ በዙር 24 ሙከራ ብቻ ሲኖር።

ከሁሉም የከፋው የክፍል ጓደኛሽ ምክር ነው። ቁጥር እንያዝ። ለምሳሌ አንድ ሰው በሁለቱ ዙሮች ካሉት 24 ተጻራሪዎች 4ቱን ተሳሳተ እንበል። በአንድ ቮክሰል (የአንጎል ምስሉ በተከፋፈለበት አንድ ትንሽ ኩብ) ውስጥ ትክክለኛ መልስ ሁሉ፣ ስሙምም ተጻራሪም፣ እኩል 1 ምላሽ ይሰጣል፤ ስህተት ግን 2 ይሰጣል። በዚህ ቮክሰል በስሙምና በተጻራሪ መካከል ምንም ልዩነት እንደሌለ እኛ እናውቃለን፤ እንዲያ አድርገን የፈጠርነው እኛ ነን። ስህተቶቹን ከተጻራሪው ጋር ብታዋህጂ ግን አማካዩ 28 ሲካፈል ለ24፣ ማለትም 1.17 ይሆናል። ሰባት ተኩል ሰዓት ላይ ቁጭ ብለሽ «የግጭት (የቀስቶቹ መቃረን) ምላሽ 17 በመቶ ጨመረ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። የለካሽው ግን ግጭትን አይደለም፤ መሳሳትን ነው።

ይህ ደግሞ በሐሳብ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። የፊተኛው ሲንጉሌት እና የፊተኛው ኢንሱላ ሰው ሲሳሳት በኃይል የሚነሡ ቦታዎች ናቸው። የግጭት ጥናት የሚያነጣጥረውም በዚያው ሰፈር ነው።

አንድ ነገር ላክል። የስህተቱን ዓምድ ስላስገባሽ «ስህተት ሲቀነስ ትክክል» የሚል ካርታ ልሥራ የሚል ፈተና ይመጣብሻል። ሙከራዎቹ የተራራቁ ስለሆኑ የአንድ ግምት ስህተት በሙከራዎቹ ብዛት ካሬ ሥር ልክ ይቀንሳል ብለን በግርድፉ ብንሄድ፣ በ2 ሙከራ የተሠራ ግምት በ20 ሙከራ ከተሠራው ከ3 እጥፍ በላይ ይዋዥቃል። በሁለት ስህተት የአንጎል ካርታ መሥራት ሁለት ፍሬ ቀምሶ ስለ ሙሉ ጆንያ መፍረድ ነው። ይኸው፣ እኔም ወደ ቡና ገባሁ።

---

ባዶ ጆንያ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

ስለ ልዩነቱ ያልከው ትክክል ነው፤ ምሳሌዬን ከሚገባው በላይ ጎትቼዋለሁ። ነገር ግን ነጋዴው የሚከፍለው በልዩነት ሳይሆን በኪሎ ነው። እህታችን ከካርታው ጎን «ተጻራሪ ከዕረፍት በላይ ይህን ያህል» የሚል አሞሌ ግራፍ ካስቀመጠች፣ ያ አሞሌ የተዛባ ነው።

---

ኪቶ ማታ ፈረቃ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

ሁላችሁም ስለ ፍልስፍናው አወራችሁ፤ ልጅቷ የጠየቀችው ቀለበቱ ከየት መጣ ብላ ነው።

አዌቱ ማዶ፣ ሦስት ነገር ንገሪኝ። በየትኛው ፕሮግራም ነው የምትሠሪው? የምድቦቹን ስም በኮዱ ውስጥ ምን ብለሽ ሰጠሻቸው? ኮንትራስቱንስ (የትኛው ዓምድ ከየትኛው እንደሚቀነስ የሚናገረውን ትእዛዝ) የጻፍሽው በስም ነው ወይስ በቁጥር?

---

አዌቱ ማዶ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡15

በፓይተን ነው፤ ለአንጎል ምስል ትንተና በተሠራው ጥቅል፣ በናይለርን። ስሞቹን በእንግሊዝኛ ነው የሰጠኋቸው፤ የስሙሙ በሲ ፊደል ይጀምራል፣ የስህተቱ በኢ፣ የተጻራሪው በአይ። ኮንትራስቱን በቁጥር ጻፍኩት፤ የመጀመሪያውን ሰው ሰንጠረዥ ከፍቼ ቅደም ተከተሉን አየሁና [−1 0 1] አልኩ፤ ቀሪው ዜሮ። ከእነርሱ ቀጥሎ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ስድስት ዓምዶች አሉ።

---

ኪቶ ማታ ፈረቃ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡31

ቀለበትሽን አገኘሁት።

ናይለርን ምድቦቹን የሚደረድረው አንቺ በሰጠሽው ቅደም ተከተል ሳይሆን በፊደል ተራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙም፣ ሁለተኛ ስህተት፣ ሦስተኛ ተጻራሪ። ከፍተሽ ያየሽው የመጀመሪያ ሰው ስህተት ስለነበረበት [−1 0 1] ለእርሱ ልክ ነው።

አሁን ስህተት የሌለበትን ዙር አስቢው። የስህተቱ ዓምድ የለም። ተጻራሪ አንድ ደረጃ ወደ ግራ ተጠግቶ ሁለተኛ ሆነ። ሦስተኛው ማን ሆነ? የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ዓምድ። አንቺ [−1 0 1] ስትዪ ተጻራሪን በዜሮ አባዝተሽ ጣልሽው፤ ከስሙም ጋር ያነጻጸርሽው ጭንቅላቱ በአንድ አቅጣጫ በሚሊሜትር ስንት እንደተንሸራተተ ነው። ፕሮግራሙ ለምን ያጉረምርማል? ለእርሱ ዓምድ ዓምድ ነው።

ቀለበት የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ጭንቅላት በጥቂቱ ሲንሸራተት መሃል ያለ ቮክሰል ከአንጎል ወጥቶ ወደ አንጎል ነው የሚገባው፤ ብዙም አይለወጥም። ጠርዝ ላይ ያለው ግን ከአንጎል ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ አንጎል ይሸጋገራል፤ ሲግናሉ በብዙ ይዘላል። ለዚህ ነው የእንቅስቃሴ አሻራ ብዙውን ጊዜ በዳር የሚታየው። መሃሉ የበራው ትክክለኛ ዓምድ ካላቸው ዙሮች የመጣ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ ከተሳሳተው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ኮንትራስቱን በቁጥር ሳይሆን በስም ጻፊ፦ «ተጻራሪ − ስሙም»። ዓምዱ የትም ቢሄድ ስሙ ይከተለዋል። ሁለተኛ፣ ነገ ጠዋት የ26ቱንም ሰዎች የሁለቱንም ዙር የንድፍ ሰንጠረዥ በምስል አውጪና አንድ በአንድ ተመልከቺ። 52 ሥዕል ነው፤ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም።

እኔ ይህን የምነግርሽ ጠቢብ ስለሆንኩ አይደለም። አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል የእንቅስቃሴ ካርታ ይዤ «አዲስ ግኝት» እያልኩ ሰው አሰልችቻለሁ።

---

አዌቱ ማዶ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

ገለቶማ! አሁኑኑ ከፈትኩት። የአራተኛውን ሰው ሰንጠረዥ አየሁ፤ ልክ እንዳልከው ነው። ይህንን ካርታ ባለፈው ሳምንት ለክፍል ሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። አንድ ሰው እንኳ «ቀለበቱ ምንድን ነው?» አላለኝም፤ እኔም ካልጠየቁኝ ብዬ ዝም አልኩ።

---

ዝምተኛ አንባቢ ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምሄደው፤ ዛሬ ግን ልጠይቅ። በሌሎቹ ፕሮግራሞችስ ይህ ይደርሳል? እኔ ኤፍኤስኤል ነው የምጠቀመው።

---

ኪቶ ማታ ፈረቃ ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ኤፍኤስኤል ላይ ይህ ጉዳይ አስቀድሞ ታስቦበታል። ለእያንዳንዱ ዓምድ ቅርጽ ስትመርጥ «ባዶ፣ ሁሉም ዜሮ» የሚል ምርጫ አለ። ስህተት ለሌለበት ሰው እርሱን ምረጥ፤ ዓምዱ በቦታው ይቆያል፣ ቅደም ተከተሉም አይፈርስም። ባዶውን ዓምድ የሚነካ ኮንትራስት ግን ለዚያ ሰው ትርጉም የለውም፤ ወደ ቡድን ደረጃ እንዳትወስደው። ሌላው ፕሮግራም፣ ኤስፒኤም፣ ባዶ የመነሻ ጊዜ ዝርዝር ስትሰጠው አልቀበልም ይላል። ሰው በዚህ ይናደዳል፤ እኔ ግን ዝም ብሎ ከሚያሳልፍ ፕሮግራም የሚጮኸውን እመርጣለሁ። መጥፎው የሚመጣው ጩኸቱን ለማስቆም ሲባል ዓምዱን አውጥቶ የድሮውን ኮንትራስት በመተው ነው፤ ያኔ የእህታችን ዕጣ ይደርስሃል።

አንዳንዱ ደግሞ ከመጨረሻው ምስል በኋላ ባለ ጊዜ ላይ የውሸት ስህተት ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ዝም እንዲልለት። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሲሠራ አይቻለሁ።

---

የሌሊት ተረኛ ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ከተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ቁጥሩን ለእናንተ ልተወውና ስለ ስህተቱ ራሱ ትንሽ ልበል። እዚህ ክር ላይ ስህተት እንደ ቆሻሻ ሲታይ ስላየሁ ነው።

ራቢት በ1966 ያሳየው አንድ ነገር አለ፦ ሰው ከተሳሳተ በኋላ ቀጣዩን መልስ ዘግየት ብሎ ይሰጣል። ይህ ማለት ስህተቱ የሚያበቃው ራሱ ላይ አይደለም፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ትክክለኛ» ሙከራም ከሌሎቹ ትክክለኞች ጋር አንድ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአንጎል ኤሌክትሪክ የሚለኩ ሰዎች ሰው የተሳሳተ ቁልፍ በተጫነ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ የሚታይ ወደ አሉታዊ የሚወርድ ማዕበል አገኙ። ገና ማንም ሳይነግረው አንጎሉ ያውቀዋል። በ1998 ካርተርና ባልደረቦቹ በኤፍኤምአርአይ ሲያዩት የፊተኛው ሲንጉሌት በስህተት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ፉክክር በበዛባቸው ትክክለኛ መልሶችም ጊዜ ተነሣ። ተጠራጣሪው ያሉት 17 በመቶ ለምን አደገኛ እንደሆነ ከዚህ ይገባኛል፤ ሁለቱ ነገሮች አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ድምፃቸውን ካልለየን ማን እንደተናገረ አናውቅም።

ሁለተኛው ነገር የክሊኒክ ሰው ዓይን የሚያየው ነው። ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ አይተኛም። «ኤጭ!» ይላል። ስካነር ውስጥ እንኳ ቢሆን ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይተነፍሳል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ስለዚህ የስህተት ዓምዷ ከእንቅስቃሴ ዓምዶቿ ጋር ሊጎዳኝ ይችላል። ቀለበቱ በኮዱ ስህተት የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ኮዱ ከታረመ በኋላም በስህተቱ ካርታ ላይ ጠርዝ ብታይ አትገረም።

ሦስተኛው፣ ስህተት አንድ ዓይነት አይደለም። ቸኩሎ የተሳሳተ ቁልፍ የተጫነና ጭራሽ ያልተጫነ ሰው አንድ አይደሉም። እንቅልፍ የወሰደውና እጁ የቀደመው በአንድ ዓምድ ውስጥ ሲገቡ አማካያቸው ማንንም አይመስልም። ታካሚዎች ያሉበት ጥናት ሲሆን ደግሞ ይህ ልዩነት ራሱ ሕመሙ ሊሆን ይችላል።

---

ተጠራጣሪው ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

ዶክተር፣ «ኤጭ» ያሉት ነገር ለሁለት ሰዓት ያህል አሳቀኝ፤ እውነት ስለሆነ። ስለ ዓይነቱም የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ግን ጥቂት ስህተት ላላት ልጅ በሁለት እንከፋፍለው ብንላት ሁለቱም ባዶ ይሆኑባታል። ለዚህ ሥራ አንድ ዓምድ ትያዝ፤ የማይተረጎም መሆኑን ትጻፍ። መልስ ያልሰጡባቸው ሙከራዎች ካሉ ብዛታቸውን ለየብቻ ትናገር።

አሁን ማንም ያላነሣው ጉዳይ ይቀራል፤ ፍጥነት። ስህተቶቹን ብታወጣም ትክክለኛዎቹ ተጻራሪዎች ከስሙሞቹ ይዘገያሉ፤ ፍላንከር በ1974 በኤሪክሰኖቹ ከተሠራ ጀምሮ የሚታወቀው ይኸው ነው። አንጎል ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ የደሙ ምላሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ካርታው «ግጭት» ይሁን «ረዘም ያለ ሥራ» መለየት አይቻልም። ስህተቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈጣኖች ናቸው፤ እጅ ይቀድማል። ስለዚህ ስህተትን ከትክክለኛ ጋር ስታነጻጽሪ ፈጣንን ከዘገምተኛ ጋርም እያነጻጸርሽ ነው።

ለትክክለኛ መልሶቹ ሁሉ አንድ የጋራ የፍጥነት ዓምድ ጨምሪ፤ ስሙምም ተጻራሪም በዚያው ውስጥ ይግቡ። አማካዩን ስትቀንሺ ግን ከሁለቱ አንድ ላይ ቀንሺ። በየምድቡ ለየብቻ ከቀነስሽ በሁለቱ መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ራስሽ አጥፍተሽዋል፤ ዓምዱ ገብቷል ትያለሽ እንጂ ልዩነቱን አልነካውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። የስህተቶቹ ፍጥነት እዚህ ዓምድ ውስጥ አይግባ።

---

አዌቱ ማዶ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡20

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። ማክሰኞና ረቡዕ ሰፈራችን መብራት አልነበረም፤ ፈረንጅ አራዳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ አስተናጋጇ በሦስተኛው ሰዓት ላይ «ሌላ ምን ልጨምርልሽ?» እያለች በትህትና አስወጣችኝ።

ኮንትራስቱን በስም ጻፍኩት። 52ቱንም ሰንጠረዥ አየሁ። ከአንድ ሲኒ ይበልጣል፤ ኪቶ ማታ ፈረቃ ቡና የሚጠጣው በባልዲ መሆን አለበት። ቀለበቱ ጠፍቷል። መሃል ላይ የነበረው ቦታ አለ፤ ደግሞም ስህተት የሌለባቸው ዙሮች አሁን በትክክል ስለገቡ ጥርት ብሏል።

ለአማካሪዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ስህተቶቹን ጥለሻቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዓምዱ ባይኖር ኖሮ አይንሸራተትም። ለመመለስ ትንሽ ከበደኝ። ከዚያ የተጠራጣሪውን 28 ሲካፈል ለ24 በወረቀት ሠርቼ አሳየኋቸው፤ እርሱ የሚመልሰው የክፍል ጓደኛዬን ነው አሉኝ፤ ይህም እውነት ነው። በመጨረሻ የመለሰልኝ የባዶ ጆንያ ነገር ነው፦ «ከፋይሉ ላይ ብሰርዘውም ከምስሉ አይወጣም»። ዝም አሉ፤ ከዚያ «ሁለቱንም ሠርተሽ ጎን ለጎን አምጪ» አሉኝ።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ የስህተቱ ካርታ ነው። አልተረጉመውም ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ማየት ይፈልጋሉ። ስህተት ያላቸውን ሰዎች ብቻ ወስጄ ልሥራው?

---

ባዶ ጆንያ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

መሥራት ትችያለሽ፤ ምን እየሠራሽ እንደሆነ እያወቅሽ ግን። ስህተት የሌላቸውን ስታስወጪ የቀሩት 26ቱን አይወክሉም፤ የሚቸኩሉት ወይም የሚደክሙት ናቸው። ርዕሱ ላይ «ጤነኛ ጎልማሶች» ብለሽ የጻፍሽው ለዚህ ካርታ አይሠራም።

ከዚያ ሚዛኑ አለ። ተራ የቡድን ቲ-ፈተና ሁለት ስህተት ያለውንና አሥር ስህተት ያለውን ሰው በእኩል ድምፅ ያስቆጥራቸዋል። የኤፍኤስኤል ፍሌም እና አፍኒ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ሜማ የተባሉት የቡድን ስሌቶች የእያንዳንዱን ሰው ግምት ምን ያህል እንደሚዋዥቅ አብረው ይዘው ወደ ቡድን ደረጃ ይወጣሉ፤ የሚዋዥቀው ድምፁ ያንሳል። ለእንደዚህ ያለ የተዘበራረቀ ቁጥር ከእነርሱ አንዱ ይሻላል።

---

ተጠራጣሪው ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡18

«ቢያንስ ይህን ያህል ስህተት ያለው ሰው ይግባ» የሚል ገደብ ልታስቀምጪ ነው። ቁጥሩን ካርታውን ከመክፈትሽ በፊት ወረቀት ላይ ጻፊውና ለአማካሪሽ በኢሜይል ላኪ። ሦስት ስትዪ ካልበራ አምስት፣ አምስት ካልበራ ሁለት እያልሽ ከሄድሽ የሆነ ቦታ ላይ የሚበራ ነገር አይጠፋም።

የፍጥነቱን ዓምድስ ጨመርሽ?

---

አዌቱ ማዶ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

ገደቡን አሁን ላክሁላቸው፤ አራት ብያለሁ። ከዚያ በታች ያሉት ስንት እንደሆኑ ገና አልቆጠርኩም፤ ሆን ብዬ ነው።

የፍጥነቱን ዓምድ ጨምሬ ዛሬ ከሰዓት አስጀምሬዋለሁ፤ አማካዩን ከሁለቱም ምድቦች አንድ ላይ ቀንሼ። 17ኛው ሰው ላይ ደርሶ ነበር፤ አሁን ግን ዝናቡ በርትቷል፣ መብራቱም ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሏል፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ 40 ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ኪቶ ማታ ፈረቃ፣ ከተቋረጠ ከ17ኛው ለመቀጠል ምን ላድርግ ወይስ ከመጀመሪያው ልጀምር?

---

ኪቶ ማታ ፈረቃ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡51

የእያንዳንዱን ሰው ውጤት ሲያልቅ ወዲያው ዲስክ ላይ የምታስቀምጪ ከሆነ ከ17ኛው ቀጥዪ፤ የ17ኛውን ፋይል ግን ሰርዢው፣ በግማሽ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ይዘሽ መጨረሻ ላይ ልታስቀምጪ ከሆነ አሁኑኑ አቁሚውና የማስቀመጫውን መስመር ለእያንዳንዱ ሰው ወደሚደገመው የኮድ ክፍል ውስጥ አስገቢው። መብራቱ ሳይሄድ።